የቤተሰብ ማረፊያ መንደር ገንዘቡን ያወጣልን?

(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



የዓመት ዕረፍት መጠየቂያ ቅጽ ሞልተው ለአለቃዎ ካቀረቡ በኋላ፣ ማታ ቤትዎ ገብተው አረፍ ሲሉ፣ ከልጆችዎ አንዱ «ዘንድሮስ የት እንሄዳለን?» ብሎ ሳይጠይቅዎ አይቀርም። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ በመፈለግ ላይ ያለውን ሰው ለመርዳት የታሰበ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ደመወዝ አለ፤ የቤት ኪራይ አለ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። እንዲሁም ዓመቱን በሙሉ ከእሑድ በቀር ወላጆቻቸውን በወጉ ያላዩ ልጆች አሉ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ሎጅ» ወይም «ሪዞርት» የሚል ስም የያዙ የማረፊያ መንደሮች በአገራችን በርክተዋል። በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር፣ በላንጋኖ፣ በእንጦጦ፣ እንዲሁም በ«ገበታ ለሀገር» ሥራ በተነሡት በወንጪና በጎርጎራ የከተማን ቤተሰብ የሚጋብዙ ቤቶች ተሠርተዋል። በሰሜን ሸዋም በአንኮበር፣ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ፣ የጥንቱን ሕንፃ መልክ ተከትሎ የተሠራ ሎጅ አለ። ብዙ ሰው የእነዚህን ቤቶች ዋጋ ሲሰማ «ይህን ያህል ገንዘብ ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ?» ብሎ ይደነግጣል። ሌላው ደግሞ ጎረቤቱ ስለ ሄደ ብቻ ተበድሮ ይሄዳል። ነገሩን በሚገባ ለመመዘን አንድ አገር መያዝ ይሻላልና እኛ የደብረ ብርሃንንና የአንኮበርን መንገድ እንይዛለን። ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ የዚህ ጉዳይ ጥቅሙም ችግሩም በዚያ ጎልቶ ይታያል።

መቼም የመንግሥት ሠራተኛ ነገርን ከሕግ መጀመር ይወዳልና ከዚያው እንነሣ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064፣ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ፈቅዶ፣ አገልግሎቱ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር አንድ ቀን እየታከለ እስከ 30 የሥራ ቀን እንዲደርስ ደንግጎ ነበር። ከቀኖቹ ቁጥር ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የዕረፍቱ ዓላማ ነው። ሠራተኛው በታደሰ መንፈስ ወደ ሥራው እንዲመለስ የተሰጠ በመሆኑ፣ ዕረፍቱ በመሠረቱ በገንዘብ አይለወጥለትም። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ዕረፍት በብር የማይተካ ዋጋ እንዳለው ተቀብሏል ማለት ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ የሚያውቀው ሠራተኛውን ብቻ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የልጆችን ምሳ ዕቃ የምትቋጥረውን፣ ማታም ከሁሉ በኋላ የምትተኛውን እመቤት በዚህ ሥራዋ ዕረፍት የሚሰጣት አዋጅ የለም። እርስዋም የቢሮ ሠራተኛ ከሆነች አዋጁ ከጽሕፈት ቤቷ ያሳርፋታል እንጂ ከማድ ቤቷ አያሳርፋትም። (አንባቢዋ እርስዎ ራስዎ እመቤቲቱ ከሆኑ ይህን ከእኔ ይልቅ አሳምረው ያውቁታል።) ስለዚህ የማረፊያ መንደር ገንዘቡን ያወጣል ወይስ አያወጣም የሚለው ክርክር፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚፈታው «የሚያርፈው ማን ነው?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

አባቶቻችን ለዕረፍት ከቤታቸው አይወጡም ነበር ማለት ስሕተት ነው። ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ይወጡ ነበር፤ ዛሬም ይወጣል። በሰሜን ሸዋ ሸንኮራ ዮሐንስንና ጻድቃኔ ማርያምን የማያውቅ የለም። ሕዝቡ በሶውንና ድርቆሹን ቋጥሮ፣ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ሱባዔ ገብቶ፣ ጠበል ተጠምቆ ይመለሳል። በእነዚያ ቀኖች ድስት አይጣድም፤ እንግዳ አይስተናገድም፤ የመሥሪያ ቤት ነገር አይነሣም። ዓላማው ጸሎትና ፈውስ እንጂ ሽርሽር እንዳይደለ አንዘነጋም፤ ሆኖም ቤተሰቡን ከዕለት ሥራው መነጠል ማለት ምን እንደ ሆነ ከዚህ ልማድ መማር ይቻላል።

ሁለተኛው ልማድ ዘመድ ጥየቃ ነው። ይህ ምንም ወጪ የለውም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። መጀመሪያ ስኳሩ፣ ቡናው፣ ሳሙናው፣ ለአያት የሚገዛው ነጠላ፣ ለአጎት ልጆች በእጅ የሚጨበጠው ብር አለ። ቀጥሎም እርስዎ የማያዩት ወጪ አለ፤ ለማዳበሪያ መግዣ ሊሸጥ ታስቦ የነበረው በግ ለእርስዎ ክብር ይታረዳል። ከዚያም ሁሉ በላይ ከከተማ የመጣችው ምራት እጅዋን አጣጥፋ አትቀመጥም፤ በማታውቀው ማጀት ገብታ ከባለቤቲቱ ጋር ጭስ ስትጠጣ ትሰነብታለች። ይህን ስል ዘመድ ጥየቃ ይቅር ማለቴ አይደለም። ልጅ አያቱን ሳያውቅ ቢያድግ የሚደርስበትን ጉድለት ምንም ሎጅ አይሞላለትም። ነገር ግን ጥየቃውን ጥየቃ፣ ዕረፍቱን ዕረፍት ብለን በየስማቸው ብንጠራቸው ሒሳባችን ይቀናል።

በሌላው ዓለም የቤተሰብ ማረፊያ መንደር የተስፋፋው ስለ ምን ነበር? በ1928 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936)፣ እኛ በፋሺስት ወረራ ጭንቅ ውስጥ በነበርንበት በዚያው ዓመት፣ የፈረንሳይ ሠራተኞች ደመወዛቸው ሳይቋረጥ በዓመት ሁለት ሳምንት እንዲያርፉ ሕግ ወጣላቸው። በዚያው ዓመት ቢሊ በትሊን የተባለ ነጋዴ ስኬግነስ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ሰፊ የማረፊያ ሰፈር ከፈተ። በትሊን ሐሳቡን ያገኘው ከአንድ አሳዛኝ ነገር ነው ይባላል። በዚያ ዘመን ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ድኻ ቤተሰብ አልጋ የሚከራየው ከአንዲት ባለቤት ቤት ነበርና፣ ሴትዮዋ ከቁርስ በኋላ እንግዶቿን ታስወጣና እስከ ማታ አታስገባቸውም ነበር። አባት፣ እናትና ሕፃናት ዝናብ እየደበደባቸው ሲንከራተቱ አየ። ስለዚህ በሰፈሩ ውስጥ ምግቡን፣ ጨዋታውንና የልጆች ጥበቃውን በአንድ ክፍያ አጠቃልሎ አሰናዳ። የማስታወቂያው ቃል «የአንድ ሳምንት ዕረፍት በአንድ ሳምንት ደመወዝ» የሚል ነበር። በዚያ ሰፈር እናት አታበስልም፤ ዕቃም አታጥብም። በትሊን የሸጠው ሌላ ምንም ሳይሆን ይህንን ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ይህ ማስታወቂያ ጥሩ መለኪያ ይሆነናል። የእርስዎ የአንድ ሳምንት ደመወዝ በዛሬው ሎጅ ስንት ቀን ያሳድራል? ዋጋው ከቤት ወደ ቤትና ከወር ወደ ወር ስለሚለያይ፣ ለስሌት ብቻ አንድ ቁጥር እንያዝ፤ የማንም ቤት ዋጋ አይደለም። አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት 4,000 ብር ነው ቢባል፣ በብዙ ሆቴሎች ልማድ ይህ የመጨረሻው ሒሳብ አይደለም። በላዩ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 4,400 ብር ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 5,060 ብር ይደርሳል። ከመቶው ብር ላይ 26 ብር ከ50 ሳንቲም ተጨመረ ማለት ነው። ቤተሰቡ አምስት ሰው ሆኖ ሁለት ክፍል ከያዘ በሌሊት 10,120 ብር፣ ለሁለት ሌሊት 20,240 ብር ይከፍላል። ምሳና እራቱ፣ የልጆቹ ለስላሳ መጠጥ፣ መጓጓዣው ገና አልታሰበም። አንዳንድ ቤቶች ዋጋቸውን በዶላር መትረው በብር ያስከፍላሉ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእነዚህ ሒሳብ እንዴት እንደ ወጣ ለእርስዎ መንገር አያሻም። ስለዚህ በስልክ ሲጠይቁ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው አይብቃዎ። «ታክሱና የአገልግሎቱ ክፍያ ገብቶበታልን? ቁርስ ለስንት ሰው ነው? ለልጆች ተጨማሪ ፍራሽ ታደርጋላችሁን? በሥራ ቀን ብንመጣ ይቀንሳልን?» ብለው ይጠይቁ። ፍራሽ የሚጨምር ቤት ከተገኘ ሁለተኛው ክፍል ይቀራል፤ ከላይ ያየነው ሒሳብም ወደ ግማሽ ይጠጋል።

አሁን ደግሞ ገንዘቡ የሚገዛውን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የራሱ መኪና የሌለው ከላምበረት መናኸሪያ ይሳፈራል። በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በቅቤዋ በታወቀችው በሸኖ፣ በጫጫም አልፎ ይደርሳል። በዚያው መንገድ ዳግማዊ ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አንጎለላ አለች። ደብረ ብርሃንን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የቆረቆሩዋት፣ ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ደጋው በድንገት ያልቃል፤ አንኮበር በገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ከበታቿ እስከ አፋር ቆላ ድረስ የተዘረጋውን አገር ትመለከታለች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የነገሡባት፣ ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ተመልሰው የሸዋን ዙፋን የያዙባት ይህች ናት። መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ በኋላም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር የአንኮበር ጊዜ አለፈ። ልጅዎ ይህን በመጽሐፍ ሲያነብ ይረሳዋል፤ ትንፋሹ እያጠረ ኮረብታው ላይ ከወጣ በኋላ ግን «ንጉሡ በየቀኑ ይህን ይወጡት ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከጠየቀም አይረሳውም።

በአቅራቢያው የወፍ ዋሻ ጫካ አለ። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲልም ኮሶውና አስታው ያለ ተካይ የበቀለ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ጫካ ያስተከሉት ከዚህ በመጣ ዘር ነው ተብሎ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ አለ። በገደሎቹ አፋፍ ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል እንደገና ይወጣል። በደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ያየ ሕፃን ቴሌቪዥን ሳይጠይቅ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። (ሙዝና ዳቦ መወርወር ግን ለእንስሳውም ለልጁም አይበጅም።) በአንኮበር ስም የተጠራች ትንሽ ቡናማ ወፍም አለች፤ የሳይንስ ሰዎች መዝግበው ለዓለም ያስታወቁዋት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ሲሆን፣ እርስዋም ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ አትገኝም።

እስካሁን ከዘረዘርሁት ውስጥ የሎጁ ንብረት የሆነ አንድም ነገር እንደሌለ ልብ ይበሉ። ገደሉም፣ ጭላዳውም፣ ታሪኩም የአገሩ ነው፤ ለአስጎብኚ ወይም ለመግቢያ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ ቢኖር እንኳ ከአልጋው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሎጁ የሚሸጠው አልጋውን፣ እራቱን፣ ማለዳ በርዎን ሲከፍቱ የሚታየውን ጉምና ከሁሉም በላይ የእመቤቲቱን ዕረፍት ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለት መንገድ ይታየኛል። ገንዘቡ ጠበብ ካለ በደብረ ብርሃን ከተማ በመጠነኛ ዋጋ አልጋ ይዞ፣ አንዱን ቀን በጠዋት ወደ አንኮበር ወጥቶ፣ ውሎ፣ ማታ መመለስ ይቻላል። ለስሌታችን የከተማው አልጋ በክፍል 1,000 ብር ቢሆን፣ ሁለት ክፍል ለሁለት ሌሊት 4,000 ብር ነው፤ በተረፈው መኪና ተከራይቶ በደኅና ምግብ ቤት መመገብ ይቻላል። ገንዘቡ ከፈቀደ ደግሞ አንዱን ሌሊት በከተማው፣ ሁለተኛውን በኮረብታው ማደር እኔ የምመርጠው ነው። ሦስትና አራት ሌሊት በሎጅ መክረም ግን ለደመወዝተኛ አይመከርም፤ ልጆች በሦስተኛው ቀን «ምን እንሥራ?» ማለት ይጀምራሉና።

በርካሽ ማደር የሚፈልግ ወደ መንዝ ጓሳ መሄድ ይችላል የሚሉ አሉ። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል የራሱ ሥርዐት የጠበቀው ይህ የጓሳ ሣር አገር፣ ቀይ ቀበሮን ለማየት ከሚመቹት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ማኅበረ ሰቡም የእንግዳ ማረፊያ አለው። ነገር ግን ወደዚያ የሚሄድ ስንቁን ይዞ ነው፤ ቦታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ያለ፣ ብርዱም ቀልድ አይደለም። ጎረምሶችን ይዞ ለሚሄድ አባት መልካም ነው። ሆኖም በመጀመሪያ ባነሣነው ጥያቄ ሲመዘን፣ ድስቱን ጭና የምትሄደው እናት ከሆነች፣ ርካሹ ቦታ ለእርስዋ ውድ ሆነ ማለት ነው። ይልቅ አባትና ልጆች የማብሰሉን ተራ ይያዙ፤ ሽሮ ማንተክተክ የሚያቅተው ሰው የለም።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ስሕተት ይሆንብኛል። የልጆች ረጅም ዕረፍት የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት አንኮበር ጉም ለብሳ ትውላለች፤ ዝናቡ አያቋርጥም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ያንን ሁሉ ገንዘብ የከፈሉበት አፋፍ ከአሥር እርምጃ ወዲያ አይታይም። በትሊን ከዝናብ ያስጠለላቸው ቤተሰቦች ታሪክ እንዳይደርስብዎ ይጠንቀቁ፤ በአንዲት ጎጆ ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር ሁለት ቀን ተዘግቶ መዋል ሰው ከፍሎ የሚገዛው ነገር አይደለም። ለዚህ አገር የሚስማማው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ቀኑ ግን ብሩህ ነው። ትምህርት ቤቶች በመንፈቀ ዓመቱ መካከል በጥር መጨረሻ ገደማ የሚሰጡት አጭር ዕረፍት ለዚህ የተመቸ ነው። ስለዚህ ከዓመት ዕረፍትዎ ሦስት ወይም አራት ቀን ለይተው ለዚያ ጊዜ ያስቀምጡ፤ አለቃዎም በዓመቱ መዝጊያ ከሚጠይቁት ይልቅ በዚያን ጊዜ ፊቱ ይፈታል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ሰሜን ሸዋንም ነክቷል፤ መንገድ የተዘጋባቸው ቀኖችም ነበሩ። ደብረ ብርሃንም በቅርብ ዓመታት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን ያስጠጋች ከተማ ናት፤ ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ይህን አውቆ መሄድ ይገባዋል። የመንገዱን ነገር ከጋዜጣ ብቻ አይስሙ። በዚያ ከሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሾፌርም ይጠይቁ። ሁለቱ ቃል ካልተስማማ ጉዞው ይቆይ። የሎጁን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ «መንገድ ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለሳልን ወይስ ለሌላ ጊዜ ይያዝልኛል?» ብለው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ይህን በጽሑፍ መስጠት የማይወድ ቤት ቢያጋጥምዎ ሙሉውን ክፍያ በሚደርሱበት ቀን እንጂ አስቀድመው አይስጡ። ጉዞው በጭራሽ የማይቻል ሆኖ ከተገኘ፣ እመቤቲቱ ማድ ቤት የማትገባበት ሁለት ቀን በአዲስ አበባ ውስጥም ሊሰናዳ ይችላል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በብድር እንዳይሆን። ለሦስት ቀን ደስታ ስድስት ወር ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚከፈል ዕዳ፣ የታደሰውን መንፈስ በመጀመሪያው ወር መልሶ ያደክመዋል። በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሚጣል አነስተኛ ዕቁብ ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። አሥራ ሁለት ሰው በየወሩ ቢጥል፣ እርስዎም ዕጣዎን በታኅሣሥ ወይም በጥር እንዲያወጡ ከማኅበርተኞቹ ጋር ቢስማሙ፣ ገንዘቡ ሳይታወቅ ይጠራቀማል። ዕጣው የደረሰበትን ቀን ለቤተሰቡ አስቀድመው ይንገሩ፤ ልጆች ከጉዞው ይልቅ በጉዞው ተስፋ የሚደሰቱበት ጊዜ ይበልጣል፤ ለዚያ ደግሞ ምንም አይከፈልበትም።

ወደ ኮረብታው የሚወጡ ከሆነ ለልጆቹ ሹራብ፣ ለእርስዎም ወፍራም ጋቢ ወይም በርኖስ መያዝ አይዘንጉ። ደረጃውን ስለሚረግጡ ሻንጣው ይቅለል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ደግሞ ገና እራት ላይ ሳሉ ያስመጡ፤ እኩለ ሌሊት ላይ በዚያ ብርድ ተነሥቶ አስተናጋጅ የሚፈልገው ሰው እርስዎ ነዎትና።